ስፓይን ለመልመድ፦ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ቢላዋው በኋላ

ቲም ፎርትረስ 2 በሚባለው የቡድን ተኩስ ጌም ላይ የትኛውም ሰርቨር ብትገቡ ስፓይ የያዘ ሰው አይጠፋም፤ ስፓይ በሰዓቱ የሚሰወርና የጠላት ቡድን ሰው መስሎ የሚገባ ክላስ (የተዋጊ ዓይነት) ነው። ግዙፉ ተዋጊ ሄቪ 300 ሄልዝ (የሕይወት ነጥብ) አለው፤ ሐኪሙ ሜዲክ ካከመው እስከ 450 ይደርሳል። ያን ሁሉ ከጀርባ የገባ አንድ ቢላዋ ይጨርሰዋል። ሄቪን ፊት ለፊት ለመጣል ኢላማና ፈጣን እጅ ያስፈልጋል፤ ስፓይ የሚጠይቀው ደግሞ የሰውን ልማድ ማንበብና ትዕግስት ነው። ኢላማ ያልሰመረለት ሰውም ጨዋታ መቀየር ይችላል፤ የተወዳጅነቱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ አውሮፓ ሰርቨር ላይ ለሚጫወት ሌላም ነገር አለ። ጌሙ ምቱን የሚቆጥረው መቺው በራሱ ስክሪን ባየው ቦታ ስለሆነ፣ ፒንግ (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ቢበዛም የቢላዋው ምት ይያዛል። ተወጊው «ዞሬ ነበር እኮ» ቢል አይፈረድበትም። በአንጻሩ እናንተም ግድግዳ ጀርባ ከገባችሁ በኋላ በጥይት ትሞታላችሁ።

ብዙ ጀማሪ በቢላዋው ይጀምርና ይሰለቻል። መጀመሪያ መለመድ ያለበት የመሰወሪያው ሰዓት ነው። መደበኛው ሰዓት ሲሞላ 9 ሰከንድ ገደማ ይሰውራል፤ በራሱ እስኪሞላ ግን 30 ሰከንድ ይፈጃል። የጥይት ሳጥን ይህን ያሳጥራል፤ ትንሹ 20 በመቶ፣ መካከለኛው ግማሹን፣ ትልቁ ሙሉውን ይሞላል። ስለዚህ ማፑን ብቻችሁን ክፈቱና ከሳጥን ወደ ሳጥን በ9 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበትን መንገድ በእግራችሁ ፈልጉ። ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው ይህ ልምምድ ነው።

ከመሰወር መውጣት 2 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ ድምፅም አለው፣ እስኪያልቅም መምታት አይቻልም። ሰው ጀርባ ላይ ቆሞ የሚገለጥ ስፓይ የሚሞተው በዚህ ነው። ጥግ ላይ ተገልጣችሁ፣ ጠላትን መስላችሁ ከዚያ ተራመዱ።

ስትመስሉ ፍጥነትን አስቡ። ሄቪ ወይም ሶልጀር ከመሰላችሁ እንደነሱ ትዘገያላችሁ፤ ፈጣኑን ስካውት ብትመስሉ ግን ፍጥነቱን አታገኙም፣ ቀርፋፋ ስካውት ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። የሜዲክ ፍጥነት ከስፓይ ጋር እኩል ቢሆንም፣ ማንንም የማያክም ሜዲክ ያስጠረጥራል። ጓደኛሞች እርስ በርስ ያልፋሉ፣ ጠላት ግን ይጋጫል፤ በጠባብ በር ላይ ለመታወቅ አንድ ግጭት ይበቃል። እሳት የሚተፋው ፓይሮ ካለ ራቁ፤ እሳት የነካው ስፓይ ተሰውሮም ይታያል።

ዒላማ ስትመርጡ ሜዲክ ይቅደም። የመደበኛው መሣሪያው ኡበር (እሱንና የሚያክመውን ለጥቂት ሰከንድ የማይጎዱ የሚያደርግ ኃይል) ለመሙላት ቢያንስ 40 ሰከንድ ስለሚፈልግ፣ ሊሞላ ሲል መግደሉ የጠላትን ማጥቂያ ያከሽፋል። ብቻውን የቆመ ስናይፐር ቀላል ነው፣ ጥቅሙ ግን ያንን አያህልም።

ሴንትሪ (ኢንጂነር የሚሠራው በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ) ላይ ሳፐር (የስፓይ ማፍረሻ) መለጠፍ ማስመሰሉን አያፈርስም። 216 ሄልዝ ያለው ደረጃ 3 ሴንትሪ በሳፐር ብቻ ለመፍረስ 9 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ አጠገቡ ያለ ኢንጂነር ግን ሳፐሩን በሁለት የመፍቻ ምት ያነሳዋል። ስለዚህ ኢንጂነሩን ውጉና ሴንትሪው ሳይዞር ወዲያው ለጥፉ። ቢላዋው ማስመሰሉን ስለሚያፈርስ መዘግየት አያዋጣም። ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ደግሞ መጀመሪያ ለጥፉ፣ ከዚያ በሽጉጥ ጨርሱት።

12 ለ12 ጨዋታ ላይ ሁለት ስፓይ ይበቃል። ሦስተኛው ሲገባ ፊት የሚዋጋ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ክላስ ምረጡ።