ሳር ላይ ተንበርክኬ የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ዋልኩ። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፣ ለሳር ነው። የግቢዬ ሳር ቅይጥ ነው። ሰርዶ አለ፣ ማገጥ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ሰፋፊ ቅጠልም አለ። እኔ የምፈልገው ሰርዶውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ገልብጬ ከዜሮ ልጀምር ነበር። ግን ሰርዶ ከላይም ከመሬት ሥርም እየሳበ የሚስፋፋ ጉደኛ ሳር ነው። ትንሽ ካገዙት ሌላውን ራሱ ይውጠዋል። ስለዚህ አረሙን ነቀልኩ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ፣ ሥር ያወጣ የሰርዶ ቁራጭ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተከልኩና ውሃ አጠጣሁ። ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ አጠር አድርጎ ማጨድ ነው። እሱ ይችለዋል፣ ረጃጅሞቹ አረሞች ግን አይችሉትም።

ዛፉ ሥር ያለውን አልነካሁም። ሰርዶ ጥላ አይወድም፣ እዚያ ማገጡ ይንገሥ።

ወገቤ ግን... ነገ ከአልጋ መነሳቴን እንጃ!