አየር የሚያነበው ወረቀት

ምንም አልሆንኩም። ይህን የምጽፈው «ምነው ጠፋህ?» ለምትሉኝ ነው። የጎንደር የክረምት እሑድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ደመናው ወርዶ የግንቡን አናት ይሸፍናል፣ ዝናቡ ያባራ መስሎ እንደገና ይጀምራል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሰው ከደጁ አይወጣም። ከታላቄ ጋር የተባባልነው ነገርም አለ፤ ባለፈው ስለጻፍኩት አልደግመውም። ባጭሩ አኩርፌ ተጋድሜ ነበር። ያኮረፍኩት እሱን ይሁን ዝናቡን ወይም ራሴን ገና አልለየልኝም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የእህቴ ልጅ ካለበት አገር አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። አሮጌ ፒያኖ ነው፤ ፒያኖላ የሚሉት፣ ለብቻው የሚጫወተው ዓይነት። አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ናቸው። ቁልፎቹ ግን ለብቻቸው ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ፣ አንዳንዴም አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ጊዜ ዘጭ ይላሉ። ከቁልፎቹ በላይ ባለች መስኮት ውስጥ ቀዳዳ የበዛበት ወረቀት ከላይኛው ጥቅል እየተፈታ በታችኛው ላይ ይጠመጠማል። «አጎቴ፣ ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይላል ከሥሩ። የፊዚክስ መምህርን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ አጭር መልስ የሚጠብቅ ሰው ገና ልጅ ነው።

ቪዲዮውን የሚያይ ሁሉ ዓይኑ ቁልፎቹ ላይ ይቀራል። መታየት ያለበት ግን እግር ነው። ሽማግሌው ሁለት ፔዳሎችን እያፈራረቁ ይረግጣሉ። ፔዳሎቹ ከፒያኖው ሆድ ውስጥ ካሉ ትልልቅ ወናፎች ጋር የተያያዙ ናቸው። አዎ፣ ወናፍ። በልጅነታችን ቀጥቃጭ ቤት ስንላክ ያየነው፣ ረዳቱ በሁለት የፍየል ቆዳዎች መካከል ተቀምጦ አንዱን ሲጫን ሌላውን የሚያነሳው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ነገር ይለውጣል። የቀጥቃጩ ወናፍ አየር ይተፋል፤ የፒያኖው ወናፍ ይመጥጣል። ስለዚህ በፒያኖው ውስጥ አየሩ የሳሳ፣ በደንብ የታሸገ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ይህ ሣጥን ቀዳዳ ይጠብቃል።

ወረቀቱ የሚያልፈው በናስ ዘንግ ላይ ነው። በዘንጉ ላይ 88 ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ። ከእያንዳንዷ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይነሳና ሳንቲም ከምታህል ስስ ቆዳ ሥር ያበቃል። ወረቀቱ ቀዳዳዋን እስከከደናት ድረስ ከቆዳዋ በላይም በታችም ያለው አየር እኩል የሳሳ ስለሆነ ቆዳዋ ተኝታለች። የወረቀቱ ቀዳዳ ከናሱ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የክፍሉ አየር ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቆዳዋን ከሥር ያነሳታል፤ ቆዳዋ ቫልቭ ትገፋለች፤ ቫልቩ የዚያን ቁልፍ ትንሽ ወናፍ ከሣጥኑ ጋር ያገናኛል፤ ወናፏም ጭብጥ ትላለች። በመጨበጧ መዶሻውን ትገፋለች፤ መዶሻው አውታሩን ይመታል። አንድ ድምፅ ተሰማ ማለት ይህ ሁሉ ሆኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ማን ተጫወተ ከተባለ የክፍሉ አየር ነው። መምጠጥ የሚባል ኃይል የለም። ወናፉ ቦታ ብቻ ይለቃል፤ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ከኋላ ወንበር የሚስቁብኝ ልጆች አሉ፤ ይህን ፒያኖ ባሳያቸው ይተዉኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጭንቀት ያዘኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየራችን የሚጫነው ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ታዲያ ይህ ፒያኖ እዚህ ቢመጣ ይደክመው ይሆን? ተነሥቼ ወረቀትና እርሳስ ፈለግሁ። ወናፎቹ የሚፈጥሩት የግፊት ልዩነት በውኃ ዓምድ ቢለካ በተለመደው አጨዋወት ግማሽ ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው፤ የኛ አየር ደግሞ ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ የውኃ ዓምድ መሸከም ይችላል። ይተርፈዋል እንጂ አያንሰውም። እፎይ አልኩ። ማንም ሊያመጣው ላላሰበው ፒያኖ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀችኝ ግን ሌላ፣ የማታስታውቅ ቀዳዳ ናት። ቆዳዋ ከተነሳች በኋላ ወረቀቱ መልሶ ቀዳዳውን ቢከድነው ምን ይሆናል? የገባው አየር ቱቦው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ቆዳዋ እንደተነሳች፣ ቁልፉም እንደተጫነ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቱቦ በጣም ጠባብ ማፍሰሻ ተበጅቶለታል። የታፈነው አየር በእሷ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ሣጥኑ ይሾልካል፤ ቆዳዋ ትተኛለች፤ ቁልፉ ይነሳል። ማፍሰሻዋ በአቧራ ከተደፈነች ድምፁ አልለቅም ይላል። ከሰፋች ደግሞ አየሩ ገና ሲገባ ስለሚያመልጥ ቆዳዋ ለመነሳት አቅም ታጣለች። አሮጌ ፒያኖላ የሚያድሱ ሰዎች እነዚህን ማፍሰሻዎች አንድ በአንድ ያጸዳሉ፤ 88ቱንም። ታላቄ ይህን አንቀጽ ቢያነበው ለማን እንደተጻፈ ይገባዋል። ደግነቱ እኔ የምጽፈውን አያነብም።

ፍጥነቱስ? እግርን ማፋጠን ዜማውን አያፈጥነውም። ወረቀቱን የሚያዞረው ራሱን የቻለ የአየር ሞተር ነው፤ ጥቂት ትናንሽ ወናፎች ተራ በተራ እየተጨበጡ ዘንግ ያዞራሉ። በመካከል ፍጥነት ጠባቂ ተቀምጧል፤ እግር ቢጠነክርም ቢላላም ሞተሩ እኩል እንዲዞር ያደርጋል። ፍጥነቱን የሚወስነው በእጅ የሚንቀሳቀስ ማንሻ ነው፤ 70 ላይ ሲደረግ በደቂቃ ሰባት ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ወረቀት ያልፋል። እግር የሚገዛው የድምፁን ጉልበት ነው። ጠንከር ብሎ ሲረገጥ መዶሻው በኃይል ይመታል፤ ሲለዝብ ይለዝባል።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ቪዲዮውን መልሼ አየሁት፤ እግሩን ብቻ። ዜማው ከፍ ሊል ሲል ሽማግሌው ቀደም ብለው አንዴ ጫን ያደርጋሉ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚታቸው ላላ ይልና ፔዳሉን ለመንካት ያህል ብቻ ይነኩታል። ከቀዳዳዎቹ ጋር መቼ ጠንከር መቼ ላላ እንደሚባል የሚመራ መስመር በወረቀቱ ላይ ይታተም ነበር፤ እሳቸው ግን እንደማያዩት ያስታውቃል። ታዲያ ሰውዬው እየተጫወቱ ነው ወይስ አየር እየመጠጡ? የዘመኑ ነጋዴዎች ይህን ጥያቄ በሚገባ አውቀውበት ነበር፤ ትምህርት ሳይማሩ ፒያኖ መጫወት እያሉ ነበር የሚሸጡት። ገዢውም አምኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት ፒያኖዎች ከግማሽ በላይ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ተከተለ፣ አለቀ።

ኤድዊን ቮቴይ እ.ኤ.አ. በ1895 ዲትሮይት ውስጥ ፒያኖላን ሲሠራ መሣሪያው ከፒያኖው ውጭ የሚቆም ቁም ሣጥን ነበር። ተገፍቶ ወደ ፒያኖው ይጠጋና ለስላሳ ልባስ ባላቸው የእንጨት ጣቶቹ ቁልፎቹን ይመታል። ይህ ምስል እስካሁን ያስቀኛል፤ ጣት ያለው ቁም ሣጥን። በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ፒያኖው ሆድ ገባ። እንደተለመደው የአንዱ ፋብሪካ ወረቀት በሌላው ፒያኖ ላይ አልሠራ እያለ ሲያስቸግር፣ ፋብሪካዎቹ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡፋሎ ከተማ ተሰብስበው 88 ድምፅ ላለው ወረቀት በአንድ ኢንች ዘጠኝ ቀዳዳ እንዲሆን ተስማሙ። የስልክ ቻርጀር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ቀደም ብለው ቢሰሙት ኖሮ ያንን ሁሉ ሽቦ በመሳቢያዬ ውስጥ አልሰበስብም ነበር።

ወረቀት የቱ ቁልፍ መቼ እንደሚመታ ለመናገር አይቸገርም። የሚያቅተው እንዴት እንደሚመታ መናገር ነው። የጀርመን ፍራይቡርጉ ቬልተ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1904 ይህንንም ለወረቀቱ አስተማረው፤ በጠርዙ ላይ የሚበሱ ተጨማሪ ቀዳዳዎች የመምጠጡን ጉልበት ያበረታሉ፣ ያለዝባሉ፤ የሚረግጥ እግርም አያስፈልግም። የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር እ.ኤ.አ. በ1905 ላይፕሲግ ውስጥ ለዚህ መሣሪያ ተጫወተ። በ1911 ሲሞት በሸክላ የተቀዳ አጨዋወት አልተወም፤ ፒያኖ ሲጫወት የምንሰማው በዚያ የተበሳሳ ወረቀት ብቻ ነው። በጠቅላላው የጥቅልል ፋብሪካዎች ፒያኒስቱ የተሳሳተውን ቀዳዳ ደፍነው ትክክለኛውን የመብሳት ልማድ ነበራቸው። እንግዲህ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ራሱን ሲሰማ ከራሱ የተሻለውን ራሱን ነው የሚሰማው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ቢቀርብልኝ ለሁለት ሳምንት ከቤት የምወጣ አይመስለኝም።

ጎንደር ውስጥ ፒያኖ ተነሥቶ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አለማስታወስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚሁ ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አይተው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው የቆረጡትም እዚሁ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ወጣ። አጨዋወታቸውን የሰማ ያውቀዋል፤ ምት አይቆጠርለትም። ይቆማል፣ ይቸኩላል፣ ያመነታል። ይህን በኖታ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ያሳዝነኛል። የፒያኖላ ወረቀት ግን ምንም አይቸግረውም፤ ምት የሚባል ነገር አያውቅምና። የሚያውቀው ርዝመት ብቻ ነው። የእማሆይ ማመንታት ለእሱ ሦስት ሴንቲሜትር ባዶ ወረቀት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህ ያስደስተኝ ወይም ያናድደኝ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ሐሳቤ ወደ በአታ ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። በድጓው ብራና ላይ ከፊደሎቹ በላይ የሚሰፍሩትን ደቃቅ ምልክቶች አስቧቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሠሯቸው ይነገራል። እነዚህ ምልክቶች መምህር የሌለው ሰው ፊት ዝም ይላሉ። ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ያልተማረ ሰው ብራናውን ቀኑን ሙሉ ቢያየው አንዲት ሃሌታ አታወጣለትም። የፒያኖላ ወረቀት ግን ከአንባቢው እውቀት አይጠይቅም፤ የሚያነበው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ትምህርት ቤት አልገባም። አንዱ ጽሕፈት ሰውን በመካከል ያስገባል፣ ሌላው ሰውን ከመካከል ያወጣል ብዬ ልደመድም ስል የሽማግሌው እግር ትዝ አለኝና ተውኩት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ተማሪዎቼ ያስረከቡኝን የፈተና ወረቀት ገልብጬ ቆዳውን፣ ቫልቩን፣ ማፍሰሻውን በጀርባው ስስል ነበር። ትዝታን በላዩ ብበሳበት ከ88ቱ ቀዳዳዎች ከግማሽ በላይ ሥራ ፈት እንደሚሆኑም አስልቼ ነበር፤ ቅኝታችን ከአሥራ ሁለቱ አምስቱን ብቻ ነው የሚፈልገው። እትዬ ቡና ይዘው ሲገቡ ወለሉ በወረቀት ተሞልቷል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። የእትዬን ጥያቄ አጭር ነው ብላችሁ አትናቁት። ቪዲዮውን ከፈትኩላቸውና ከወናፉ ጀመርኩ፤ ሣጥኑን፣ ናሱን፣ ቆዳዋን አስረዳሁ፤ የጎንደርን ከፍታ እንኳ አልተውኩም። በትዕግሥት ሰሙኝ። ቪዲዮው ሲያልቅ እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት።

«እኒህ ሰውዬ ዘፈኑን አያውቁትም ማለት ነው?»

«የሚያውቀው ወረቀቱ ነው እትዬ። እሳቸው የሚረግጡት ብቻ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ታዲያ ምን ሆነው ነው ዓይናቸውን የጨፈኑት?»

ፊታቸውን አላየሁትም ነበር። እንደ ደንቡ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ አየር ግፊት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ሌላ ምን አውቃለሁ?