ሦስቱን ደብዳቤ ማን ይጻፈው?

ለማስተርስ አፕላይ እያደረግሁ ነው። የትምህርት መስኩ ፖለቲካል ቲዎሪ፣ ዩኒቨርሲቲው ቫንኩቨር ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ። እዚያ እንዳመለክት ያደረገኝ በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ምሁር ግሌን ኮልታርድ ነው።

ኮልታርድ የሰሜን ካናዳ ተወላጅ ነው፤ ሕዝቡ የሎውናይፍስ ዴኔ ይባላሉ። በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የሚከራከረው፣ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች እውቅና ስለሰጠ ብቻ ነጻ አይወጡም ብሎ ነው። እውቅና ሰጪው ያው መሬቱን የያዘው ወገን ነውና። ቅኝ አገዛዝን ከተቸው ጸሐፊ ከፍራንዝ ፋኖን ይነሳል፤ ከማርክስም ይወስዳል። ግን ማርክስ መሬቱን ተነጥቆ ወዛደር የሆነውን ሰው ሲከተል፣ ኮልታርድ ዓይኑን ንጥቂያው ላይ ይተክላል። ንጥቂያው ዛሬም አላበቃም ይላል።

ይህ ከወረቀት ብቻ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ዴኔዎች በ1975 ራሳችንን የቻልን ሕዝብ ነን ብለው መግለጫ ያወጡት፣ በመሬታቸው ላይ የጋዝ ቧንቧ ሊዘረጋ በታሰበበት ወቅት ነበር። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ቶማስ በርገር በ1977 ባቀረቡት ሪፖርት፣ የማኬንዚ ሸለቆው ቧንቧ ለ10 ዓመት ይቆይ አሉ። ስለ መሬት ላራሹ እየሰማ ላደገ እንደኔ ላለ ሰው፣ ይህን አንብቦ ዝም ማለት ይከብዳል።

የመግቢያ መስፈርቱ የተለመደው ነው፦ ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ ለምን መማር እንደምፈልግ የሚያስረዳ ጽሑፍ። ሁሉም ተገቢ ነው፣ ቅር አይለኝም። እኔን የሚከነክነኝ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ሦስት ያስፈልጋል፤ የሚፈለገውም በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ነው።

ኮልታርድ የሚያስተምርበት ደቺንታ የሚባል ማዕከልም አለ፣ በሰሜን ካናዳ፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ በሚባለው ግዛት። እዚያ ተማሪ ንባቡንም ያነባል፣ ዓሣም ያጠምዳል፣ የሙስ ቆዳም ያለፋል። ሙስ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። ቆዳው ይፋቃል፣ ይታሻል፣ ጭስ ይመታዋል፤ ጉልበትና ቀናት ይበላል። አስተማሪዎቹ የማኅበረሰቡ አዛውንቶች ናቸው። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ከእንስሳው ምን ያህል መውሰድ እንደሚገባ፣ የተረፈው ለማን እንደሚካፈል የሚነገረው እዚያው፣ ቆዳው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ነው። ለእኔ ይህ የፖለቲካ ቲዎሪ ትምህርት ነው፣ ከየትኛውም ሴሚናር አያንስም።

እንግዲህ ከእነዚህ አዛውንቶች እግር ሥር የተማረ ወጣት ለማስተርስ ሲያመለክት ማን ይመስክርለት? ጠንቅቀው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእኔ እምነት ቢያንስ በዚህ መስክ፣ ከሦስቱ አንዱ ደብዳቤ ከእነሱ መምጣት አለበት። መጻፍ የማይመቸው ካለ በድምፅ ቀድቶ ይላክ። መስፈርት ይላላ ማለቴ አይደለም። አንድ አዛውንት "ይህ ልጅ የተነገረውን ሰምቷል፣ ሥራውንም ጨርሷል" ካሉ፣ ተማሪውን ክፍል ውስጥ አንድ ሴሚስተር ብቻ ካየ መምህር ምስክርነት ይበልጥብኛል።

ለእኔ የሚጽፉልኝ ሦስቱም መምህራን ናቸው፤ መንገዴ በዚያ በኩል ስለነበረ። ስለዚህ ይህንኑ ጥያቄ በማመልከቻ ጽሑፌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ላጠናው የምፈልገው እሱን ነው፦ ዩኒቨርሲቲ የማንን እውቀት እንደ ማስረጃ ይቀበላል? መቀበሉንስ የሚወስነው ማን ነው?