ዳንቴል የለበሰው ዲስክ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ የጮኸው ገና 1 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ኮምፒውተሮቻቸውን በወር ክፍያ የምንከታተልላቸው መርካቶ ያሉ አስመጪ ደንበኛችን ቢሮ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ወንድሜ፣ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሯል፤ አንዱም አይከፈትም!»

ስደርስ ሰርቨሩ፣ ማለትም የቢሮው ፋይሎች የሚቀመጡበት ዋናው ኮምፒውተር ላይ፣ ፋይሎቹን የቆለፈው ቫይረስ ለመክፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅበት የቤዛ ጽሑፍ ተደቅኗል። ዓይኔ ግን ያረፈው አጠገቡ ባለው፣ የፋይሎቹ ቅጂ በሚቀመጥበት የመጠባበቂያ ዲስክ ላይ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ አቧራ እንዳይነካው ብላ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። ዲስኩ ሌት ተቀን ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካ ስለሚውል፣ ቫይረሱ ዋናውን ሲቆልፍ ቅጂውንም አብሮ ቆልፎታል። እሷ እንደ ልጅ ተንከባክባዋለች፤ «ከሰርቨሩ ንቀይው» ያላት ግን የለም። ያ የእኛ ሥራ ነበር።

በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቢሮ ውጭ። ያዳነን ያ ከቢሮ ውጭ ያለው ቅጂ ነው፤ እሱም የ3 ቀን ሥራ ይጎድለዋል።

ውላችን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምንደርስ በዝርዝር ይናገራል። ቅጂው በእርግጥ ተመልሶ መከፈቱን በየስንት ጊዜው እንደምንፈትን ግን አንድ መስመር የለውም። ሰው ደመወዙን፣ ዕዳውን፣ የዓመት ድካሙን አምኖ ሲሰጠን ይህን መዝለላችን ያሳፍረኛል። ነገ ለሁሉም ደንበኞቻችን አንቀጹን እንጨምራለን፤ ዋጋ ሳንጨምር።

አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እሷ የ3ቱን ቀን ደረሰኝ ታነባለች፣ እኔ እመዘግባለሁ።