መውጫውን ሳልጠይቅ ገባሁ

አዳማ ላይ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦ። ከሁለት ዓመት በፊት ሽያጩንም፣ ስቶኩንም፣ የዱቤ ደብተሩንም በአንድ ሶፍትዌር ለማድረግ ወሰንኩ። ከሦስት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፣ ዴሞ አየሁ፣ ርካሹን መርጬ ፈረምኩ። ሥልጠናው አራት ቀን ወሰደ።

ድርጅቱ ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። እኛ በኢንተርኔት እየገባን እንሠራለን፣ በየወሩ እንከፍላለን። አሥር ወር ከሠራንበት በኋላ ክፍያውን በእጥፍ እንደሚጨምሩ ነገሩኝ። አልተስማማሁም። «እንግዲያው ዳታዬን ስጡኝና ልውጣ» አልኩ።

ወሩ ሰኔ ነበር። ነጋዴ የሆነ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ የዕቃ ቆጠራ አለ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ ግብር ነው። ስደውል «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል» ይሉኛል። በማግስቱም ፊልድ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ በኢሜይል አንድ ፋይል መጣ። 612 ገጽ ፒዲኤፍ! ታነበዋለህ እንጂ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ አታስገባውም። «ውሉ እኮ ዳታው የደንበኛው ነው ይላል» ብዬ ተከራከርኩ። «ሰጠንዎት አይደል እንዴ?» አሉኝ። በምን መልክ፣ በስንት ቀን የሚል ቃል ውሉ ላይ የለም። ያንን ውል አንብቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሂሳብ ሠራተኛችን የታተመውን ክምር አየችና «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ በእጅ ልናስገባው ነው?» አለችኝ። አስገባችው። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ታደርጋለች፣ ትጽፋለች፣ ማስመሪያውን ዝቅ ታደርጋለች። 19 ቀን። የዱቤው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ተዘለለ። አንድ የቆየ ደንበኛችንን የከፈለውን ገንዘብ ደግመን ጠየቅነው። ሰውየው ደረሰኙን ይዞ መጣ፣ ባንኮው ላይ አስቀመጠው፣ ምንም አልተናገረም። እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከገንዘቡ ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛውን ሶፍትዌር ስፈልግ «ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ፣ ዝቅተኛውን ውሰድ» የሚለውን ምክር ተውኩት። ለወንበር ይሠራ ይሆናል። ለሶፍትዌር አይሠራም። ደግሞ ሻጮቹ የሚሰጡህ የደንበኛ ስልክ ላይ አትድከም። የሚያመሰግናቸውን ሰው ነው የሚሰጡህ። ትቷቸው የወጣውን ፈልግ። አዳማ ላይ ነጋዴ ለነጋዴ ይተዋወቃል፣ አታጣውም።

ዴሞውንም በራስህ ዕቃ አሠራቸው። እኔ 12 ሚሊ ፌሮ ይዤ ሄድኩ። በኩንታል እገዛለሁ፣ በቤርጋ፣ ማለትም በነጠላ ዘንግ፣ እሸጣለሁ። 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው። «አንድ ኩንታል አስገቡ፣ ሦስት ቤርጋ ሽጡ፣ ቀሪውን በኪሎ አሳዩኝ» አልኩ። ስልክና ላፕቶፕ ሲሸጥበት የሚያምር ፕሮግራም እዚህ ላይ ቀጥ አለ። 68 ኪሎ ብሎ ያወጣው አንዱ ብቻ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ወደ ኤክሴል እንዲያወጡልኝ ጠየቅኩ። በፍላሽ ይዤው ሄጄ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አሁንም በየቅዳሜው እንደዚያው አደርጋለሁ። ቢሮአቸው «ባካፕ እኛ እንይዛለን፣ አይጨነቁ» ይላል። ይያዙ። እኔም እይዛለሁ።

ውሉ ላይ ይህን አስገባሁ፦ «ውሉ በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ አቅራቢው የዕቃ፣ የደንበኛና የሂሳብ መረጃውን በሙሉ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በኤክሴል ያስረክባል፤ እስኪያስረክብ ድረስ ደንበኛው ሲስተሙን መጠቀም ይቀጥላል።»

የድርጅቱ ሰው «ገና ሳይገቡ ስለ መውጣት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ፈረመ።