አንድ ቡሃቃ ሊጥ፣ ሁለት ጋጋሪ

አክስቴ ሰሞኑን ከፋርማሲ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ለነርቭ ሕመሟ ሐኪሟ ያዘዘላት ዘይት ነው። ላዩ ላይ «ቲ10/ሲ10» ይላል። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ሐሺሽ ነው አይደል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ምን ልበላት? ቲው ቲኤችሲ ነው፣ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው። ሲው ሲቢዲ ነው፣ እሱ አያሰክርም። ቁጥሩ መቶኛ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ከአንድ ነገር መሠራታቸው ነው። ካናቢስ፣ ሐሺሽ የሚሠራበት ተክል፣ መጀመሪያ ሲቢጂኤ የሚባል አሲድ ያዘጋጃል። ከዚያ ሁለት ኢንዛይሞች (አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ የተክሉ ፕሮቲኖች) ይሻሙበታል፤ አንዱ ወደ ቲኤችሲ አሲድ፣ ሌላው ወደ ሲቢዲ አሲድ ይለውጠዋል። አንድ ቡሃቃ ሊጥ፣ ሁለት ጋጋሪ በሉት። (የቲኤችሲ አሲድ ራሱ አያሰክርም፣ እሳት ሲነካው ነው ነገሩ የሚመጣው።)

አዳቃዩ የሚመርጠው እንግዲህ ጋጋሪውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ንጹሕ የቲኤችሲ ዘርን ከንጹሕ የሲቢዲ ዘር አዳቀለ፤ ልጆቹ በሙሉ ሁለቱንም የያዙ ሆኑ፣ እነዚያን መልሰው እርስ በርስ ሲያዳቅሏቸው ደግሞ ሩቡ ቲኤችሲ ብቻ፣ ሩቡ ሲቢዲ ብቻ፣ ግማሹ ድብልቅ ወጣ። በዓይን አይለይም፣ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ወንዱ ተክል ደግሞ ይብሳል፣ እነዚህ ነገሮች ያሉበት ሙጫው ትንሽ ስለሆነ ምን እንደሚያወርስ ለማወቅ ዘረ መሉን መመርመር ይቀላል። ጥሩ ሴት ከተገኘች በኋላ ግን ዘር አያስፈልግም፤ እንደ ሸንኮራ አገዳ ከግንዷ እየቆረጡ መትከል ነው። ያም ሆኖ ካናቢስ ማዳቀል ጤፍ ከማዳቀል ይሻላል፤ የማኛን ንጣትና የሌላውን ምርታማነት አጣምረው ቁንጮ የተባለውን ጤፍ ያወጡት የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ያቺን ደቃቅ አበባ በመርፌ ጫፍ ሲታገሉ ሳስበው ያዞረኛል።

የቲኤችሲ ነገር የተፈታው ደግሞ እዚሁ እስራኤል፣ እኛ ከተማ፣ ርሖቮት ነው። ፕሮፌሰር ራፋኤል ሜሹላም ከፖሊስ 5 ኪሎ ሐሺሽ ተቀብሎ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ዋይዝማን የሳይንስ ምርምር ተቋም አመጣው፤ ተሳፋሪው «ምንድን ነው የሚሸተው?» ይል ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቲኤችሲን ለይቶ አወጣ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አወራሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ፖሊስ ከሰጠው ምን ችግር አለው» አለች። ጠርሙሱን ግን አሁንም ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ነው የምታስቀምጠው።