ድንጋይ የሆነው ፔዳል

እትዬን የማውቃቸው ጋራዥ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ነው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ቪትዛቸውን ዘይት ሊያስቀይሩ ሲመጡ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በራሳቸው እጅ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ብርቅ ነው።

አንድ ጠዋት መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ኮፈኑ ተጨማድዷል፣ ራዲያተሩ ፈሷል። እትዬ ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ነዳጅ ሰጠኋት። እግሬን ሳነሳ አልቀንስ አለች። ፍሬን ያዝኩ። ቀነስ አለች፣ ለቀቅ አድርጌ ደግሜ ያዝኩ። ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። የጎረቤት አጥር ላይ ሄዳ ነው የቆመችው» አሉኝ።

እኔም ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት መለስኩላቸው፦ «እትዬ፣ አንዳንዴ እግር ይሳሳታል። ፍሬን የያዝን ይመስለናል እንጂ የረገጥነው ነዳጅ ነው።»

ልጃቸው ይህን እንደሰማ ቁልፉን ከእጃቸው ወስዶ ኪሱ ከተተው። «አላልኩሽም እማዬ? ከእንግዲህ አትነጂም።» እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አውቃለሁ። ሙያውን ስማር የሰማሁት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 አውዲ 5000 በራሱ ይፈተለካል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረና የመኪናው ገበያ ወደቀ። በ1989 የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጥናቱን ሲያወጣ፣ አብዛኛው ጉዳይ ፍሬን መስሎት ነዳጅ የረገጠ ሰው ነው አለ። ሰውየው አይዋሽም። ፍሬን ላይ ነኝ ብሎ ስለሚያምን መኪናው በፈጠነ ቁጥር ይብስ ይጫናል። እኔ ይዤ የቀረሁት ይህን ብቻ ነበር። ያው ጥናት የአውዲው ፔዳሎች አቀማመጥ ለስህተት እንደሚያጋልጥ፣ የአንዳንዶቹም ሞተር በቆመበት በራሱ እየጮኸ ነጂውን እንደሚያስደነግጥ ጽፏል። ፍሬን ካልተረገጠ ከፓርክ የማይወጣው ማርሽ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ነጂው ተሳስቷል ከተባለ በኋላም መኪናው ተሻሽሏል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ራዲያተሩን እየፈታሁ የእትዬ ቃል መጣብኝ። ድንጋይ ሆነብኝ። የነዳጅ ፔዳል ድንጋይ አይሆንም። ድንጋይ የሚሆነው ፍሬን ነው። የፍሬኑ ሰርቮ፣ ማለትም ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው ክፍል፣ የሚሠራው ከሞተሩ በሚያገኘው ቫክዩም (የአየር መሳብ ኃይል) ነው። ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ሲቀር ቫክዩሙ ይጠፋል። ሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ለአንድ ሁለት ርግጫ ይበቃል። እየለቀቁ ከደጋገሙት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ አይወርድም። እትዬ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ ሳይዛባ። መካኒክ ሆኜ አልሰማኋቸውም።

መፍቻውን ጥዬ በነጂው በር በኩል ተንበረከክሁ። ወለሉ ላይ ሁለት ምንጣፍ አለ። ከሥር መኪናው ይዞት የመጣው ስስ ምንጣፍ፣ በመንጠቆው ተይዞ። ከላይ ወፍራም ጥቁር ጎማ፣ በምንም ያልተያዘ። የነዳጅ ፔዳሉን በእጄ እስከ ታች ተጫንኩና ጎማውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ገፋሁት። እጄን አነሳሁ። ፔዳሉ አልተመለሰም። የጎማው ጠርዝ ላይ ፔዳሉ ያተመው ጭረት ነበረ፣ ልክ እንደ ጥፍር ምልክት።

ያንን ጎማ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ከአሥር ቀን በፊት ለሰርቪስ መጥተው ነበር፤ ዝናብ ስለነበር ጭቃ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው፣ በነፃ።

አሜሪካ ሳን ዲዬጎ አጠገብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 የሆነውን አነብ ነበር እንጂ ከእኔ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ሻጩ ለደንበኛው በትውስት በሰጠው ሌክሰስ፣ ቶዮታ በሚያመርተው መኪና፣ ውስጥ የሌላ ሞዴል ጎማ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ፔዳሉ ተያዘ፣ አራት የቤተሰብ አባላት ሞቱ። ከነሱ በፊት ያችኑ መኪና የነዳ ሰው ምንጣፉ ፔዳሉን እንደያዘበት ለእንግዳ ተቀባይ ተናግሮ ነበር። ይህ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ቶዮታ በዚያው ዓመት 3.8 ሚሊዮን መኪኖችን በምንጣፍ ምክንያት ለማስተካከያ ጠራ። ቀጥሎ ደግሞ ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ተገኘ። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ የመኪኖቹን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል መርምሮ በ2011 ለመፈትለኩ ምክንያት የሚሆን ጉድለት አላገኘሁም አለ። በ2013 ግን አሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ላይ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) በአንድ ካምሪ አደጋ ጥፋቱን ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ጣሉ። በ2014 ኩባንያው ስለ ምንጣፉና ስለ ፔዳሉ ሕዝብን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እዚህ ሁሉ ውስጥ እግራቸው የተሳሳተ ነጂዎችም ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ግን መኪናው ሲታይ ብቻ ነው።

ማታውኑ እትዬ ቤት ሄድኩ። ጎማውን ይዤ፣ ጭረቱን አሳየኋቸው። ልጃቸውም ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙሉ ጥገናው በእኔ ነው» አልኩ። እትዬ ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ፍሬን ይዣለሁ ብዬህ ነበር እኮ ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ልጃቸው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው።

ነገሩ ቢደገም ምን እንደሚያደርጉም ነገርኳቸው። ፍሬኑን አንዴ አጥብቆ ይዞ አለመልቀቅ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ መጣል፣ መኪናው ከቆመ በኋላ ማጥፋት። ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ተመሳሳይ ነገር ይዞ መጣ። ወደ ኋላ ሲወጣ መኪናው ተፈትልኮ የቆመ ባጃጅ ገጭቷል። ይህን ጊዜ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ምንጣፉ በመንጠቆው ተይዟል። ፔዳሉ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም ስህተት አልመዘገበም። «መኪናው ላይ ያገኘሁት የለም» አልኩት። ተቆጣ። አልተከራከርኩትም። ሞተሩን አጥፍቼ «ግባና እንደዚያን ቀን ተቀመጥ» አልኩት። ገባ። ቀኝ እግሩን ፍሬን ላይ አደረገ። ወገቡን አዙሮ የኋላውን መስታወት አየ።

«አሁን እንዳለህ ሁን» አልኩት። «እግርህን ሳታነሳ ወደ ታች ተመልከት።»

ጫማው ግማሹ የነዳጁ ፔዳል ላይ ነበር።